ከአዳራሹ በፊት፦ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለምሥጢረ ተክሊል ለሚዘጋጁ እጮኛሞች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለእጮኛሞች ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ቬሎ የሚለካበት፣ አዳራሽ የሚታይበት፣ የጥሪ ካርድ የሚታደልበት ሰዓት ነው። ያንን ትታችሁ እዚህ ስለ ተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስትገቡ በር ላይ ቆሜ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ተጨዋውተናል። «ቀኑ ተቆረጠ?» ስላችሁ ቀኑን ነገራችሁኝ። አዳራሹም ተይዟል፤ ቀብድ ተከፍሏል። ቪዲዮና ፎቶ የሚያነሳው ሰው ታውቋል። የሚዜዎቹ ልብስ ቀለም ሳይቀር ተመርጧል። «አባንስ አነጋገራችኋቸው?» ስል ግን ድምፃችሁ ቀነሰ። «በዚህ ሳምንት እንሄዳለን» አላችሁኝ። ዛሬ የመጣሁት ይህን ቅደም ተከተል እንድትገለብጡት ልለምናችሁ ነው። ቀብድ ከተከፈለ፣ ካርድ ከታተመ፣ ዘመድ ከየአገሩ ትኬት ከቆረጠ በኋላ «ቆዩ፣ ገና አላሰብኩበትም» ማለት ለሰው እጅግ ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ የምትፈልግላችሁ ይህን ማለት የምትችሉበት ጊዜ ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ይህንኑ አንስተውታል። ሙሽሮች ጉልበታቸውንም ገንዘባቸውንም ደስታቸውንም በካርዱ፣ በልብሱና በግብዣው ጨርሰው፣ ለትልቁ እርምጃ ሳይዘጋጁ፣ ደክመውና ተጨናንቀው ወደ መንበረ ታቦቱ ይቀርባሉ ይላሉ። ከሌላው የተለየ ሰርግ ለማድረግ ድፍረት ይኑራችሁ ብለውም ይመክራሉ። ይህን የጻፉት ለዓለም ሁሉ ነው፤ እኔ ግን ባነበብኩት ጊዜ የጥር ወር አዲስ አበባ ነበር የታየኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጋብቻን የሚመሠርተው የሁለታችሁ ፈቃድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ የሆነው ሕገ ቀኖና ይህን ፈቃድ ምንም ሰብዓዊ ሥልጣን ሊተካው አይችልም ይላል። በእናንተ ፋንታ አባታችሁ ሊናገሩት አይችሉም፤ የተላኩት ሽማግሌዎች አይችሉም፤ ጳጳሱም አይችሉም። አባ የሚጠይቋችሁ ጥያቄ፣ የሚያስመጧችሁ ወረቀት፣ በእሑድ ቅዳሴ ላይ የሚነበበው የጋብቻ ማስታወቂያ፣ ሁለቱ ምስክሮች፣ ይህ ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ለመጠበቅ የተሠራ አጥር ነው። ብዙ ሰው ቢሮክራሲ ይለዋል። አጥሩ ከምን እንደ መጣ ካወቅን ግን አመለካከታችን ይለወጣልና ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ።

በጥንት አውሮፓ ወንድና ሴት ማንም በሌለበት ቃል ቢለዋወጡም ጋብቻቸው የጸና ነበር። ችግሩ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይመጣል። ሰውየው «እኔ ይህችን ሴት አላውቃትም» ይልና ሌላ ያገባል። ሴቲቱ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳኛ ዘንድ ትሄዳለች፤ የሚመሰክርላት የለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ጋብቻ በቆሞሱ፣ ማለትም በአጥቢያው ካህን ፊትና ቢያንስ በሁለት ምስክሮች ፊት ካልተፈጸመ አይጸናም ብሎ የወሰነው ይህን በደል ለማስቆም ነው። እንግዲህ ለሚዜነት ጓደኛችሁን ስትመርጡ፣ ያ ሰው ከፎቶ በላይ የሆነ ሥራ እንዳለው አስታውሱ። ቃላችሁን በጆሮው የሰማ ምስክር ነው። አንድ ቀን ብትዘነጉት ሊያስታውሳችሁ ይገባል።

ያው ጉባኤ በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ደነገገ። አንዲት ሴት ለጋብቻ ተጠልፋ ከሆነ፣ ከጠላፊዋ እጅ ወጥታ ነጻና ደኅና ቦታ እስካልቆመች ድረስ ከእርሱ ጋር የሚደረግ ጋብቻ ከንቱ ነው። ይህ ሕግ ዛሬም በላቲኑ፣ ማለትም በሮም ሥርዓት፣ እንዲሁም እንደ ግዕዝ ሥርዓት ባሉት በምሥራቁ ካቶሊኮች ቀኖና ውስጥ አለ። ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በጠለፋ የተዳሩ እናቶችና አያቶች ያሉን ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። አያቴ የተጠለፈች ነበረች። በሽማግሌ እርቅ ወርዶ ስትዳር አንድም ሰው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ እንዳልጠየቃት ነግራኛለች። ስለዚህ አንድ ካህን አንዲትን ሴት ፊት ለፊት አስቀምጦ «በነጻ ፈቃድሽ ነው የመጣሽው?» ብሎ ሲጠይቅ ስሰማ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ ተራ ነገር አይደለም።

ዛሬ ከተማ ላይ ግፊቱ መልኩን ቀይሯል። ልጅቷ አርግዛለች፤ ሆድ ሳይገፋ ይፍጠን ይባላል። ሽማግሌ ገብቶ «እሺ» ተብሏል፤ የአባት ቃል አይታጠፍም ይባላል። እናት ታማለች፤ ሳልሞት ልየው ትላለች። ልጁ ከውጭ የመጣው ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ነው፤ አሁን ካልሆነ ዓመት መጠበቅ ነው ይባላል። ከእነዚህ አንዱም በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ከእነዚህ ውስጥ መልካም ትዳር የወጣም ብዙ አይቻለሁ። ግን በከባድ ፍርሃት ወይም በማስገደድ የተሰጠ «እሺ» ጋብቻ አይሆንም።

አባ ሁለታችሁን ለየብቻ የሚያነጋግሯችሁ ለዚህ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻችሁን ስትገቡ፣ እጮኛችሁ ውጭ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ እውነቱን ተናገሩ። ከዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር የምናማክራት አንዲት ልጅ ነበረች። ሰርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ከዚያ ክፍል እያለቀሰች ወጣች። እጮኛዋ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ምንም አላጠፋም። እርሷ ግን ልቧ እንዳልነበረበት፣ እሺ ያለችውም አባቷን ላለማሳፈር ብቻ እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረች። ሰርጉ ቀረ። የአዳራሹ ቀብድ ጠፋ፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው ቆዩ፤ አባትየው እኔንም ዓመት ያህል አላናገሩኝም። ያቺ ልጅ በዚያን ቀን ያደረገችውን ያህል ድፍረት የጠየቀ ነገር በዚህ አገልግሎት ዘመኔ ሁሉ አላየሁም። ልጁም ቢሆን የማትወደውን ሚስት ከማግባት ድኗል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የመጀመሪያው የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነው፤ ያውም አዲስ የተጻፈ፣ ብዙ ቁምስናዎች (አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት) ከስድስት ወር ያልበለጠ የሚሉት። «ስጠመቅ የተሰጠኝ አለ፣ እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ» የምትሉ አላችሁ። ያ አይበቃም። ሰው ሲያገባ በተጠመቀበት መዝገብ ኅዳግ ላይ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁምስና፣ እገሌን አገባ» ተብሎ ይጻፋል። አዲሱ ቅጂ የሚፈለገው ያ ኅዳግ ባዶ መሆኑን ለማየት ነው። አንድ ሰው ሌላ ቦታ ሚስት ካለው የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ ሌላ የሜሮን ማስረጃ ይጠየቃል፤ በግዕዝ ሥርዓት የተጠመቃችሁ ሜሮን የተቀባችሁት ከጥምቀት ጋር በአንድ ቀን ነው፤ በላቲን ሥርዓት ያላችሁ ግን ሜሮንን ለብቻው የምትቀበሉት አድጋችሁ ነው። ያልተቀበላችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ፤ ጊዜ ያስፈልጋል። የትዳር ጓደኛው የሞተበት ደግሞ የሞት ማስረጃ ያመጣል።

እንዲህ በቀላሉ እያወራሁት እኔ ራሴ በዚህ ወረቀት አምስት ሳምንት ተንከራትቻለሁ። የተወለድኩት ወላይታ ነው። የትምህርት ቤት ስሜ ሌላ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለሁት በክርስትና ስሜ ነው፤ የአባቴም ስም የተጻፈው ሰፈር በሚጠሩበት ስም ነበር። ከተጠመቅሁበት ቁምስና «እንዲህ የምትባል የለችም» የሚል መልስ መጣ። ወንድሜ በአውቶቡስ ሶዶ ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ገጠሩ ገብቶ የክርስትና እናቴን ይዞ ሄደ። እርሳቸው ማንበብ አይችሉም። ግን «ያን ዕለት መንታ ልጆች አብረው ተጠምቀዋል፤ መንታዎቹን ፈልጉ» አሉ። መንታዎቹ ተገኙ፤ ከእነርሱ በታች እኔ ነበርኩ። መዝገቡ ጭራሽ ባይገኝ ኖሮም ቤተ ክርስቲያን የአንድ ታማኝ ምስክር ቃል ትቀበላለች፤ ስለዚህ መዝገብ ተቃጠለ፣ በጦርነት ጠፋ የምትሉ ተስፋ አትቁረጡ። ብቻ ከሰርጉ ስድስት ወር አስቀድማችሁ ጀምሩ። እኔ የጀመርኩት ሁለት ወር ሲቀረው ነበር፤ ያን ጊዜ ያለቀስኩት ለቅሶ ለማንም አይድረስ።

ዝምድናም ይቆጠራል። ባህላችን ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሕግም ከመንግሥት ሕግም የጠበቀ ነው። በቀኖናው የወንድማማች ወይም የእኅትማማች ልጆች ሊጋቡ አይችሉም፤ ከዚያ በላይ ራቅ ያለው ግን መሰናክል አይደለም። ሽማግሌዎቻችሁ ዘር ሲቆጥሩ አትሰልቹ፤ አብራችሁ ቁጠሩ። ብዙዎች የማያውቁት ግን የአበልጅነትን ጉዳይ ነው። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና፣ ማለትም በግዕዝ ሥርዓት ላላችሁት፣ ክርስትና ያነሳ ሰው ያነሳትን ልጅም ሆነ የልጅቷን እናት ሊያገባ አይችልም፤ ጋብቻው አይጸናም። የላቲኑ ሕግ ይህን መሰናክል እ.ኤ.አ. በ1983 ትቶታል። የሟች ጓደኛውን ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ከዓመታት በኋላ ከልጁ እናት ጋር ሊዋደድ ይችላል፤ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ አትደብቁት፤ ጳጳሱ ፈቃድ የሚሰጡበት መንገድ አለ። ተደብቆ ከተፈጸመ ግን ነገሩ ይበላሻል።

አሁን ደግሞ በዚህ አዳራሽ ግማሾቻችሁን ወደሚነካው ነገር ልግባ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገራችን ሕዝብ 0.7 በመቶ ነን። እንግዲህ በሥራ ቦታ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በሰፈር የምንወደው ሰው ብዙ ጊዜ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት፣ አንዳንዴም ሙስሊም መሆኑ አይቀርም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ታውቃለች። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ከተጠመቀ ክርስቲያን ጋር ለመጋባት የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ካልተጠመቀ ሰው ጋር ደግሞ መሰናክሉን የሚያነሳ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ ጋብቻው አይጸናም። ፈቃዱ እንዲሰጥ ካቶሊኩ ወገን በእምነቱ እንደሚጸና፣ ልጆቹም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው እንዲያድጉ የሚቻለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ሌላው ወገን ምንም አይፈርምም፤ ግን ይህ ቃል መገባቱን በግልጽ ማወቅ አለበት።

«የሚቻለውን ሁሉ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ብዙ ጥንዶች እዚህ ላይ ይሸፋፍናሉ። «ልጅ ሲመጣ እንነጋገርበታለን» ይላሉ። ልጅ ሲመጣ ሁለት አያቶች ይመጣሉ፤ አንዷም አንዷም ልጁን ወደ እኔ ቤተ ክርስቲያን ይዛችሁ ኑ ትላለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። እባካችሁ አሁን ተነጋገሩ፤ ሁለታችሁም ለየወላጆቻችሁ አሁን ንገሩ። ጠዋት በአንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በሌላው ሁለት ጊዜ ሥርዓት እናድርግ፣ ሁሉም ደስ ይበለው የሚል ሐሳብም ይመጣል። ይህ አይፈቀድም፤ የጋብቻ ቃል አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ካቶሊክ የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ በኦርቶዶክስ ካህን ፊት ቢጋባስ? ሕጉን ተላልፏል፤ ጋብቻው ግን የጸና ነው። ይህን የምነግራችሁ በዚህ መንገድ ያገቡ እኅት ወንድሞቻችን «ትዳራችሁ ትዳር አይደለም» እየተባሉ ሲቆስሉ ስላየሁ ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ አባ ዘንድ አምጧቸው፤ መንገዱ ክፍት ነው።

ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሃይማኖት ሰው ጋር በሚደረግ ጋብቻ ብዙውን ጊዜ ሥርዓቱ ከቅዳሴ ውጭ ይደረጋል። አንዳንዶች እንደ ቅጣት ይወስዱታል። እኔ እንደ ርኅራኄ ነው የማየው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለት ቤተሰብ ፊት፣ አንዱ ቆርቦ አንዱ ሲቀር ማየት ያማል።

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ካቶሊኮች ነን፤ እንዲያም ሆኖ ሥርዓታችን የተለያየ ነው። እኔ ላቲን ነኝ፤ እርሱ የጉራጌው እምድብር ልጅ ነው፤ በግዕዝ ሥርዓት ያደገ። እናቴ በወላይትኛ መዝሙር፣ ቀለበት ስንለዋወጥ ማየት ነበር የምትፈልገው። የእርሱ እናት ደግሞ ልጃቸው ካባ ለብሶ፣ አክሊል ተደፍቶለት ካላዩ ሰርግ አልነበረም ሊሉ ነው። ሁለቱን እናቶች ያስማማቸው የቁምስናችን አባ ናቸው። ሁለቱንም አስቀምጠው የየሥርዓቱን ትርጉም አስረዷቸው። በላቲኑ ትምህርት ምሥጢሩን አንዱ ለሌላው የሚሰጡት ሙሽሮቹ ናቸው፤ ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ስም ይቀበላቸዋል። በምሥራቁ ደግሞ የካህኑ ቡራኬ ከምሥጢሩ አይለይም። ስለዚህ በላቲን ሥርዓት ዲያቆን ጋብቻ ሊያስፈጽም ይችላል፤ ከሁለቱ አንዱ የምሥራቅ ካቶሊክ ከሆነ ግን ካህን መሆን አለበት። ይህን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 በላቲኑም ሕግ ውስጥ በግልጽ አስገብተውታል። እኛ በተክሊል ተጋባን፤ እናቴም ቅዱስ ወንጌል ከተነበበ በኋላ መዝሙሯን አገኘች። አክሊሉ ራሴ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝ ክብደት ዛሬም አለ። አክሊል የነገሥታት ነው፤ የሰማዕታትም ነው፤ አባ በስብከታቸው ይህን ብለው ነበር፤ በትዳር ዓመታት ሁለቱንም አይቼዋለሁ።

ከእናንተ መካከል ሙሽራው ወይም ሙሽራዋ ውጭ የሆነባችሁ አላችሁ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላሉት መንገዱ ቀላል ነው፤ የሚኖሩበት ቁምስና ካህን አነጋግሯቸው ፋይሉን በሀገረ ስብከቱ በኩል ይልካል፤ ግን ወራት ይወስዳል። በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በባሕሬን ያሉትም ቁምስና አላቸው፤ ይጠይቁ። ሳውዲ ያሉት ግን ቤተ ክርስቲያን የላቸውምና ነጻ መሆናቸውን የሚያውቋቸው ሰዎች በመሐላ መመስከር ይኖርባቸዋል። በስልክ ብቻ የተዋወቃችሁ፣ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት መጥቶ የሚያገባ ሰው የምትጠብቁ እኅቶች አላችሁ፤ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በመጀመሪያው መምጣት ተጫጩ፤ በሁለተኛው ተጋቡ። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ሲርበው፣ ሲናደድ፣ አስተናጋጅ ሲያዘገይበት ምን እንደሚሆን በስልክ አይታወቅም።

እርስ በርስ መነጋገር ያለባችሁ ብዙ ነው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም፤ የጥያቄውን ወረቀት አድለናችኋል። ሁለት ነገር ላይ ግን መቆም እፈልጋለሁ። አንደኛው ገንዘብ ነው። ደሞዛችሁ ስንት ነው? ዕዳ አለባችሁ? በየወሩ ለወላጅ የምትልኩት አለ? የታናሽ ወንድም የትምህርት ክፍያ ማን ላይ ነው? ዕቁቡ በማን ስም ነው? ከሰርጉ በኋላ «ለእናትህ ስንት ነው የምትልከው?» ብሎ መጠየቅ ጠብ ይሆናል፤ አሁን ስትጠይቁት ግን መተዋወቅ ነው።

ሁለተኛው የምትደብቁት ነገር ነው። ቀድሞ የተወለደ ልጅ፣ በሽታ፣ መውለድ እንደማይቻል ሐኪም የተናገረው፣ በደም ውስጥ ያለ ቫይረስ። ተመርመሩ፤ አብራችሁ ሂዱ፤ ውጤቱን አብራችሁ ስሙ። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ማግባት ይችላል፤ መሰናክል አይደለም። መደበቁ ነው መርዙ። ሌላውን አታልሎ ፈቃዱን ለማግኘት ሲባል ትዳርን በጽኑ የሚያናጋ ነገር ከተደበቀ ሕገ ቀኖናው ጋብቻውን ከንቱ ያደርገዋል። ልጅ መውለድን ጨርሶ በልባችሁ ዘግታችሁ «አዎ» ብትሉም እንዲሁ ነው። ልጆችን ማራራቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እኅት ነርሷ ስለ ተፈጥሯዊው ዘዴ ያስተምሯችኋል፤ ወንዶችም ደብተር ይዛችሁ ኑ።

ስለ ቀኑ፦ ጾም ውስጥ ሰርግ አይደረግም፤ ስለዚህ ሁሉም ጥር ላይ ይከመራል። ጥር ውስጥ አንዳንድ ቅዳሜ አባ አራት ጋብቻ ያስፈጽማሉ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሰፊ ናቸው። «ግንቦት ውስጥ ማግባት አይበጅም» የሚለውን ተዉት፤ እኔ ግንቦት ውስጥ ነው ያገባሁት። ጥርን ከመረጣችሁ ግን ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላን በዓል መጥታችሁ አክብሩ። ወንጌሉን አስተውላችሁ ስሙት፤ በዚያ ሰርግ ላይ የወይን ጠጁ አልቋል፤ ጌታም እናቱም እዚያ ነበሩ፤ የተጠሩ እንግዶች ነበሩና። ስድስቱን የድንጋይ ጋን በውኃ የሞሉት አገልጋዮች ናቸው። ውኃ መሙላት ከእኛ ነው።

የመንግሥቱንም ወገን አትርሱ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ያውቃል፤ ሁለታችሁም 18 ዓመት መሙላት አለባችሁ፤ ከሰርጉ በኋላም በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ታስመዘግባላችሁ። ማዘጋጃ ቤት ቀድማችሁ የተፈራረማችሁ ካላችሁ ለአባ ንገሯቸው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

በመጨረሻው ሳምንት ንስሐ ግቡ። ዓርብ ማታ አይሁን፤ ዓርብ ማታ ቤታችሁ ሰው ይሞላል። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ኑ። ልምምዱን ሚዜዎችም ምስክሮችም በተገኙበት አድርጉ። ፎቶ አንሺው በቤተ መቅደሱ ውስጥ የት ቆሞ የት እንደማይቆም ቀድሞ ከአባ ይስማ። ጠዋት 3 ሰዓት ከተባለ 3 ሰዓት ድረሱ፤ የመኪናው አጀብ ከተማ እየዞረ ካህኑና ምእመናኑ ሁለት ሰዓት የጠበቁበት ሰርግ አይቻለሁ፤ ሙሽራዋ ቃሏን ስትሰጥ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም ነበር። እልልታውን አትከልክሉ፤ ቃሉ ከተሰጠ በኋላ ግን ይሁን፤ ቃሉ መሰማት አለበት። ገንዘብ ያጠራችሁ ደግሞ በእሑድ ቅዳሴ ላይ፣ ምእመናኑ ሁሉ ባሉበት ተጋቡ፤ ከዚያ በግቢው ዳቦና ቡና ይበቃል። እንዲህ ያደረጉ ሦስት ጥንዶች አውቃለሁ፤ ከእነርሱ ሰርግ የበለጠ ደስ ያለኝ ሰርግ የለም።

ሥርዓቱ ሲያልቅ ወደ ዕቃ ቤት ትገባላችሁ። እዚያ ትልቁ መዝገብ ተዘርግቷል። እናንተ ትፈርማላችሁ፤ ምስክሮቹ ይፈርማሉ፤ አባ ይፈርማሉ። ሰው ሁሉ ውጭ እየጠራችሁ ስለ ሆነ ፈጥናችሁ ለመውጣት ትቸኩላላችሁ። አትቸኩሉ። ከዚያ መዝገብ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተጽፎ ወደ ተጠመቃችሁበት ቁምስና ይላካል።

ካገባሁ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለክርስትና እናቴ ለቅሶ ወላይታ ሄጄ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ወደ ቁምስናው ገብቼ መዝገቡን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። መንታዎቹን ፈለግሁ። ከእነርሱ በታች፣ በደበዘዘ ቀለም፣ የክርስትና ስሜ አለ። አጠገቡ የክርስትና እናቴ ስም። ኅዳጉ ላይ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቢክ፣ የባለቤቴ ስምና ግንቦት ላይ የተጋባንበት ቀን። ጣቴን ላዩ ላይ አድርጌ ቆየሁ፤ ካህኑም ሳያቋርጡኝ ጠበቁኝ።